ፍላሽ እንደ ወንፊት
(በደሴ ከተማ ለተማሪ ወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ቤት ኮምፒውተር እንድናገር ተጋብዣለሁ። አስቀድሜ ግን ጥፋቴን ልናዘዝ። ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከሸዋ በር፣ ከሆጤ፣ ከሰኞ ገበያ የሚመጣው ፍላሽ ሁሉ የሚሰካው በአንዲት ኮምፒውተሬ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት ተመራቂ ተማሪ ጽሑፏን ልታሳትም መጣች። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቿ በሙሉ ጥግ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። «ትናንት እዚሁ ነው የሰካሁት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ለስንት ሰው እንዳደልኩት ፈጣሪ ይወቀው።

አዋቂ መስዬ ፍላሹን ፎርማት አደረግኩት። ቫይረሱም ጠፋ፣ ጽሑፏም ጠፋ። ከወረቀት ረቂቋ ላይ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ መልሼ ተየብኩላት፤ ሒሳብ ለመቀበልም ፊት አልነበረኝም።

በኋላ እንደተረዳሁት ፎርማት ከማድረጌ በፊት ጽሑፉ ከፍላሹ አልጠፋም ነበር። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው በዚያው ስም አቋራጭ፣ በተለምዶ ሾርትከት የምንለውን ባለ ቀስት ምልክት፣ ያስቀምጣል። አቋራጩን ስንጫን ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል፤ ስለዚህ አንጠረጥርም። መፍትሔው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ መፈተሽ፣ ከዚያም የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ፍላሹን ብቻ ማጽዳት ጭቃ ውስጥ ቆሞ እግር እንደ መታጠብ ነው። እግረ መንገዳችሁን የፋይሎች ስም ከነቅጥያው እንዲታይ አድርጉ፤ የሰርግ ፎቶ የመሰለው ነገር ከስሙ በስተኋላ «ኢኤክስኢ» የሚል ጭራ ካለው ፎቶ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

በእኛ በወሎ ጎረቤት ወንፊት ቢጠይቅ አይከለከልም። ፍላሽም እንደዚያው ሆኗል። ወንፊቱ ሲመለስ ግን አራግፈን እንሰቅለዋለን፤ ፍላሹን እንደመጣ እንሰካዋለን። «ቤቴ ኢንተርኔት የለም» ብሎ ተማምኖ የሚተኛም ብዙ ነው። የአይቢኤም ዓይነት የግል ኮምፒውተሮች የመጀመሪያው ቫይረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የታየው «ብሬይን»፣ ከፓኪስታኗ ላሆር ተነሥቶ ባሕር የተሻገረው በፍሎፒ ዲስክ፣ በዘመኑ ፍላሽ፣ ነው። የሠሩት ሁለት ወንድማማቾች አድራሻቸውንና ስልካቸውን ጭምር ጽፈውበት ነበር። የዛሬዎቹ እንዲህ ጨዋ አይደሉም።

ዊንዶውስ 10 እና 11 «ዲፌንደር» የተባለ ጸረ ቫይረስ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ያለ ክፍያ። ለአንድ ቤት ይበቃል፤ እንዳይጠፋ ብቻ ጠብቁት። የሚያጠፋው ማን ነው ትሉኝ እንደሆነ እኛው ነን። ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ስንጭን «መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ» ይለናል፤ እኛም እሺ እንላለን። በራችን ላይ ቆሞ «ውሻ ያዙ!» የሚል እንግዳ ወግ ያውቃል። «ውሻውን ግደሉልኝና ልግባ» የሚለውን ግን ማን ያስገባዋል?

ማሻሻያ፣ በተለምዶ አፕዴት የምንለው፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል፤ እኔም ሳልከፍት የከረምኩባቸው ወራት ነበሩ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ቆላፊ ፕሮግራም በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ለመክፈቻው 300 ዶላር በቢትኮይን ሲጠይቅ፣ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕሙማን መልሰዋል። ማይክሮሶፍት ግን ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። ስለዚህ ከሌላው ወጪ ቀንሳችሁም ቢሆን በየወሩ አንድ ሌሊት ለማሻሻያ ስጡት። ዊንዶውስ 7 ያላችሁ ደግሞ፣ መደበኛ ድጋፉ፣ ማለትም የማሻሻያው መምጣት፣ በጥር 2012 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የዊንዶውስ 10ም በጥቅምት 2018 ዓ.ም.።

ቆላፊ ፕሮግራም አንዴ ከገባ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ልንፈታው አንችልም። ገንዘብ ቢከፈልም መክፈቻው እንደሚመጣ ዋስትና የለም። የሚያድነው ቀድሞ የተቀዳ ቅጂ ነው፤ እሱም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የተቀመጠ። አንድ ደንበኛዬ የልጆቹን ፎቶ በሌላ ዲስክ ቀድቶ ነበር፤ ዲስኩ ግን ሌት ተቀን እንደተሰካ ነበርና ሁለቱም አብረው ተቆለፉ። ቅዱ፣ ንቀሉ፣ ሣጥን ውስጥ ክተቱ።

ከቡናው በኋላ በዚያ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ እገኛለሁ። ፍላሽ የያዘ ሁሉ ይምጣ፣ እፈትሽለታለሁ፤ ኮምፒውተሬን ትናንት ማታ አድሼዋለሁ። ቃሌን ግን አትመኑ፤ ፍላሻችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የእኔ ኮምፒውተር ዓይናችሁ እያየ ይፈተሽ።