ሰዓሊ መሆን ግዴታ አይደለም፦ ስለ ኩሬተርነት ፌሎሺፕ ደብረ ማርቆስ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁም ጭምር፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ማስታወቂያውን ያነበባችሁ ብዙዎቻችሁ «ኩሬተር ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» እያላችሁ እንደገባችሁ በር ላይ ሰምቻለሁ።

እኔ የምሠራው አዲስ አበባ፣ የዘመኑን ሥነ ጥበብ በምታሳይ አንዲት ጋለሪ ውስጥ ነው። ትንሽ ናት። ዘንድሮ ለሁለት ወጣቶች የኩሬተርነት ፌሎሺፕ ከፍታለች። ዘጠኝ ወር እየተከፈላቸው ሥራውን ከውስጥ ይማራሉ፣ መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃሉ። ከሁለቱ ቦታ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚመጣ ሰው የተያዘ ነው። እኔን እዚህ ያመጣኝም እሱ ነው።

ኩሬተር የትኛው ሥራ ይታይ፣ ከየትኛው ጎን ይሰቀል፣ ምን ይጻፍበት ብሎ የሚወስን ሰው ነው። ሥዕሉን አይስልም፤ ሥዕሉ ላይ የሚደርሰው ነገር ሁሉ ግን ይመለከተዋል። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ሥራው ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ እስቲ አስታውሱ። ሥዕሉ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ነው፣ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንድ ቦታ ቆማችሁ አታዩትም፣ እየዞራችሁ ነው የምታዩት፤ በሮቹ ላይ ደግሞ መላእክቱ ሰይፋቸውን ይዘው ቆመዋል። የቱ ታሪክ በየት በኩል፣ የቱ ከላይ የቱ ከታች ይሁን የሚለውን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል። ሰዓሊው ብቻውን የወሰነው አይመስለኝም። ካህናቱም፣ ወጪውን የቻለውም ሰው እጃቸው ይኖርበታል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ያሠራው ሰው ራሱ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ተስሎ ታገኙታላችሁ፣ ማን እንደከፈለ እንዳይረሳ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። «መሳል አልችልም፣ ላመልክት?» አዎ፣ አመልክቱ። ኢትዮጵያ ጣሊያን አገር በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ የከፈተችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያቀረበችውም የሰዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳን ሥራዎች ነበር። ኩሬተሩ ማን ነበር? ለምን ሲሳይ፣ ገጣሚ ነው። ዞማ ሙዚየምን ከአርቲስት ኤልያስ ስሜ ጋር ያቋቋመችው መስከረም አሰግድ የተማረችው አንትሮፖሎጂ ነው። ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር የፖለቲካ ሳይንስ ተምሮ፣ ግጥም ሲጽፍ ቆይቶ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጀርመን ካስል ከተማ የሚካሄደውን ትልቁን የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ ዶክመንታን፣ መርቷል። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሰው ያንን ቦታ ሲይዝ እሱ የመጀመሪያው ነው። እና ቅኔ በሚቆጠርበት አገር ተወልዶ፣ ሰሙን ከወርቁ ሲለይ አድጎ፣ «እኔ ለዚህ አልሆንም» የሚል ልጅ ሳይ ትንሽ ይገርመኛል።

አላጋንንላችሁ፣ የሥራው ብዙው ክፍል አያምርም። ስልክ መደወል ነው። ደብዳቤ መጻፍ ነው። ሥዕል ሲመጣ ከመረከባችሁ በፊት ጥግ ጥጉን ፎቶ አንስታችሁ፣ ያለበትን ጭረትና እጥፋት ሁሉ ጽፋችሁ ታስፈርማላችሁ፣ አለዚያ ሲመለስ «እናንተ ናችሁ የጫራችሁት» ይመጣል። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግድግዳ ትለካላችሁ፤ የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 145 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ ነው የሚመከረው፣ የአብዛኛው ሰው ዓይን እዚያ አካባቢ ስለሆነ። መብራትም አለ። ወረቀትና ጨርቅን ብርሃን ይበላቸዋል፣ የተለመደው መመሪያ ከ50 ሉክስ አትለፉ ይላል (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ተራ የቢሮ መብራት እንኳ እስከ 500 ይደርሳል። የአያታችሁ ጥበብ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ቀለሙን የጠበቀው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

እኔ የምወደው ሥራ ግን ከሥዕሉ ጎን የምትለጠፈዋን ትንሽ ወረቀት መጻፍ ነው። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። እንበል አንዲት አርቲስት የማዳበሪያ ከረጢቶችን በጥለት ክር ሰፍታ እንደ መጋረጃ ሰቅላለች። አንዱ ጸሐፊ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሥራ የማንነትን፣ የትዝታንና የዘመናዊነትን ውስብስብ መስተጋብር ይፈትሻል።» ይኼ ለየትኛውም ሥራ ይሆናል፣ ለዚህ መድረክ መጋረጃም ይሆናል። ሌላው ደግሞ፦ «ስድስት የማዳበሪያ ከረጢት፣ የጥለት ክር። ከረጢቶቹ ከአርቲስቷ አባት ጎተራ የመጡ ናቸው። ስፌቱ የእጅ ነው። ሲነካ ጤፍ ይረግፋል።» ይህን ያነበበ ሰው ዞሮ እንደገና ያየዋል፣ ጎንበስ ብሎ ወለሉንም ያያል። ኩሬተሩ ደግሞ ጤፉን ተከትሎ የሚመጣውን አይጥ ማሰብ አለበት፤ እየቀለድኩ አይደለም።

ለማመልከት የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ሁለት ገጽ የዐውደ ርዕይ ሐሳብ ጻፉ። ትልልቅ ቃላት አትፈልጉ፣ ያላችሁበትን አካባቢ እዩ። ለምሳሌ የእንጅባራ ልጅ ከሆንክ፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ በዓሉ ጥር 23 ነው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ የፈረሱ ጌጥ ሁሉ ለዓይን ይሞላል። ግን ፈረሱ ወደ ጋለሪ አይገባም። ፈረስ በሌለበት የፈረስ ዕቃ እንዴት ይታያል? ኮርቻውን መሬት ላይ ነው የምታስቀምጠው ወይስ በፈረስ ቁመት? ድምፁንስ ምን ታደርገዋለህ? ይኼን አስበህ ከጻፍክ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል።

ወይም የድሮ ፎቶ ቤቶችን አስቡ። ከጀርባ የሚሰቀል መጋረጃ ነበር፣ አበባ የተሳለበት፣ ሐይቅ የተሳለበት፣ አንዳንዱ ላይ አውሮፕላን ሁሉ። ወላጆቻችን የሰርጋቸውን ፎቶ የተነሱት እዚያ ፊት ለፊት ቆመው ነው። እነዚያን መጋረጃዎች የሳሉት እነማን ናቸው? የት ደረሱ? መጋረጃው አሁን ማን ቤት ምን ተሸፍኖበት ይሆን? እኔ በበኩሌ ይህን የሚያጠና ሰው ቢመጣ ደስታዬን አልችለውም።

አንድ ነገር አደራ። ለማመልከቻ ብላችሁ የገዳም ብራና ወይም የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት እንዳትነኩ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፣ ከዚያም በላይ ባለቤት አለው። ስለ አንድ ዕቃ ለመጻፍ ዕቃውን ማውጣት አያስፈልግም፤ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዳችሁ፣ በፈቀዱላችሁ ልክ አይታችሁ፣ የነገሯችሁን ጻፉ። አይሆንም ካሉም አይሆንም ነው።

ወላጆች፣ የገንዘቡን ነገር እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፣ ልክም ናችሁ። በሙያችን መጥፎ ልማድ አለ። «ልምድ ታገኛለህ» እየተባለ ሰው በነጻ ይሠራል። እኔም አንድ ቦታ እንደዚያ ሠርቻለሁ፣ ስሙን ልተወው፤ የታክሲ ሳንቲም እየቆጠርኩ፣ ምሳ በልቻለሁ እያልኩ እየዋሸሁ። በነጻ መሥራት የሚችለው አዲስ አበባ የአጎት ቤት ያለው ልጅ ብቻ ነው። የቀረው ሰው ችሎታ አንሶት ሳይሆን ኪራይ አንሶት ይቀራል። ስለዚህ ይህ ፌሎሺፕ በየወሩ ይከፍላል፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚመጣው ደግሞ የቤት ኪራይ ይጨመርለታል። ሀብታም አያደርግም። ያኖራል። ሌላ ቦታም ስታመለክቱ፣ ስንት ነው የምትከፍሉት ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ከዘጠኙ ወር በኋላ ጋለሪው ይቀጥረኛል ወይ? ቃል አልገባም። የምንገባው ቃል አንድ ነው፦ ከውጭ የመጣው ሰው የመጨረሻ ዐውደ ርዕዩን ከፈለገ በመጣበት ከተማ ያሳያል፣ የማጓጓዣውን እኛ እንችላለን። የጋለሪ ሕንፃ የለም እንዳትሉኝ። የትምህርት ቤት አዳራሽ አለ፣ ባዶ መጋዘን አለ፣ ግድግዳና ጣራ ያለው ቤት ሁሉ ይበቃል፣ ጣራው ካላፈሰሰ።

ማመልከቻው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ኔትወርኩም መንገዱም እንዴት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ በኢሜይል ብቻ አላልንም። በእጅ ጽፋችሁ በሰው መላክ ትችላላችሁ፣ በአማርኛም በአገውኛም ይሁን። ዲግሪ አንጠይቅም። ዕድሜ ከ18 በላይ ይሁን። ቃለ መጠይቁ በስልክ ነው፣ መስመሩ ከተቆረጠ እኛ ነን መልሰን የምንደውለው።

ቅጾቹ መውጫው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ለጓደኛም ያዙ። አሁን ጥያቄ ልቀበል፣ ማይኩን ወደ ኋላ አቀብሉልኝ፣ እዚያ ጥግ ላይ እጇን ያወጣችው እህት ትጀምር።