ለእናት ለአባት የሚሆን የቤት ኮምፒውተር በትንሽ ብር

[ስክሪኑ ላይ፦ ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ሳጥን፣ ሞኒተር፣ ዩፒኤስ]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ለእናት ወይም ለአባት ስለሚገዛ ዴስክቶፕ እናወራለን። እሳቸው ጌም አይጫወቱበትም። ዩቲዩብ ላይ መዝሙርና ዜና ያዩበታል፣ ቴሌግራም ይከፍቱበታል፣ ቨርጂኒያ ካለች ልጃቸው ጋር በትልቅ ስክሪን ይተያዩበታል፣ የእድር ቃለ ጉባኤ ይጽፉበታል።

ምክሬን ከመጀመሪያው ልናገር። ብሩ ትንሽ ከሆነ አዲስ ዕቃ እየለቀማችሁ አትገጣጥሙ። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ግዙና የተረፈውን ብር ለሞኒተሩ፣ ለካሜራውና ለዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ለሚሰጠው የባትሪ ሳጥን) አውሉት። እናታችሁ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ መቼም አያዩትም፤ ፊደሉ ሲያንስባቸውና መብራት ሲሄድ ግን በየቀኑ ይቸገራሉ።

[ስክሪኑ ላይ፦ «አይ5-8500»፣ 8 ቁጥር ተከብቦ]

መርካቶ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት «ኮር አይ 7 ነው» የሚለውን ነው። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው አኃዝ ጀነሬሽኑን፣ ማለት ፕሮሰሰሩ የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ፣ ይናገራል፤ አይ5-8500 ማለት 8ኛ ጀነሬሽን፣ አይ5-10400 ማለት 10ኛ ነው። አይ7-2600 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ 2ኛ ጀነሬሽን ነው፤ 7 ስላለው ብቻ ውድ ይጠራል እንጂ 8ኛ ጀነሬሽን የሆነው አይ3-8100 ይበልጠዋል።

ከ8ኛ በታች አትውረዱ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። «እኔ እጭንላችኋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይጫናልም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት በዚያ መልክ ለተጫነ ማሽን ወደፊት ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፤ ችግር ሲመጣ ደግሞ ብቻቸውን የሚጋፈጡት እናታችሁ ናቸው። ሌላም ምክንያት አለ። ዩቲዩብ ብዙውን ቪዲዮ የሚልከው ቪፒ9 በሚባል አጨማመቅ ነው። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ውስጥ እሱን የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል ስላለ ቪዲዮው ያለ ጭንቀት ይሄዳል። በአሮጌዎቹ ላይ ግን ሳጥኑ ይሞቃል፣ ፋኑም ይጮኻል። የግራፊክስ ካርድ መግዛት አያስፈልግም፤ አብሮ ያለው ይበቃል።

የምትፈልጉት ስም ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ 5060 ወይም 7060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720 ነው። ሁሉም የአንድ ዘመን ልጆች ስለሆኑ በዋጋና በንጽሕና የተሻለውን ውሰዱ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ትንሹና ትልቁ ሳጥን ጎን ለጎን]

መጠናቸው ይለያያል። እኔ ለወላጅ የምመርጠው ትንሹን ነው፤ ዴል ማይክሮ፣ ኤችፒ ሚኒ፣ ሌኖቮ ታይኒ ይሏቸዋል። ኃይል የሚያገኘው እንደ ላፕቶፕ ከውጭ ቻርጀር ነው። መካከለኛዎቹ ሳጥኖች የራሳቸው ቅርጽ ያለው ፓወር ሰፕላይ አላቸው፤ ሲቃጠል የዚያኑ ዓይነት ማደን ግድ ይሆናል። የትንሹ ቻርጀር ሲበላሽ ግን ሌላ መግዛት ነው። ዴል ላይ ትክክለኛ የዴል ቻርጀር ይሁን፤ ማሽኑ ካላወቀው ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አስነሱት። ሲነሳ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ1 ተጫኑ። ባዮሱ፣ ማለት ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፤ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ቆልፎት ነው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዊንዶውሱ አክቲቬት መሆኑን እዩ። የእነዚህ ማሽኖች ፈቃድ ብዙ ጊዜ በማዘርቦርዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ክራክ (ያለ ፈቃድ የሚከፍት ፕሮግራም) የሚያስጭን ምክንያት የለም።

ራም፣ ማለት ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 8 ጊጋ በቂ ነው። ትንሹ ሳጥን የሚወስደው የላፕቶፕ ራም መሆኑን አትርሱ። ዲስኩ ላይ ግን አልደራደርም፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) መሆን አለበት፣ 256 ጊጋ ይበቃል፣ ቢቻል አዲስ ግዙ። «ኮምፒውተሩ ተኛብኝ» የሚባለው አብዛኛው ችግር ከሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ የሚመጣ ነው፤ መብራት በድንገት ሲሄድም ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ሲአር2032 የምትባል ባትሪ አለች። ያገለገለ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ደክማለች። ስትሞት ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብራውዘሩ ድረ ገጹን ሁሉ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ይላል። እናታችሁ ቫይረስ ገባ ብለው ይደነግጣሉ። ስትገዙ አብራችሁ ቀይሯት፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

[ስክሪኑ ላይ፦ ዩፒኤስ፤ ሳጥኑ፣ ሞኒተሩና ራውተሩ ተሰክተውበት]

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። ዩፒኤስ ትርፍ ዕቃ አድርጋችሁ አትዩት። 650 ቪኤ (ቪኤ የአቅሙ መለኪያ ነው) የሚለው ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሳጥንና ለአንድ ሞኒተር ይሆናል፤ የጀመሩትን ጨርሰው በሥርዓት የሚያጠፉበት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ስትመርጡ ኤቪአር ያለው ይሁን፤ መብራቱ ከፍና ዝቅ ሲል ያስተካክላል፣ ለብቻው ስታቢላይዘር ከመግዛት ያድናል። የዋይፋይ ራውተሩንም እዚያው ሰኩት። ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ከልጅ ጋር የተጀመረው ወሬ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። የዩፒኤሱ ባትሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ ያኔ ባትሪውን ብቻ ቀይሩ።

ከውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ የፓወር ሰፕላዩን ወይም የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። «100-240» ካለ ችግር የለም። አሮጌ ታወር ከሆነ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል፤ አሜሪካ 115 ላይ የነበረውን አዲስ አበባ እንደመጣ 220 ላይ ከሰኩት ይቃጠላል።

ሞኒተር 24 ኢንች፣ ሙሉ ኤችዲ ግዙ። ከጎን ሆናችሁ ስታዩት ቀለሙ የማይለወጥ ይሁን፤ እናትና አባት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ነው የሚያዩት። ዐይናቸው ከደከመ ያው ሙሉ ኤችዲ ያለው 27 ኢንች ይሻላቸዋል፣ ፊደሉ በራሱ ይተልቃል። ከእነዚህ ሳጥኖች ብዙዎቹ ከኋላ ያላቸው ዲስፕሌይፖርት የሚባል የሞኒተር መሰኪያ ስለሆነ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ እዚያው ያዙ። ካሜራም የላቸውም፤ ማይክ ያለው የዩኤስቢ ካሜራና ሁለት ትናንሽ ስፒከር ጨምሩ። የቢሮ ማሽን ዋይፋይ ላይኖረው ስለሚችል ጠይቁ፤ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ይገኛል፣ ራውተሩ ቅርብ ከሆነ ግን ገመድ ይሻላል።

[ስክሪኑ ላይ፦ የዲስፕሌይ ሴቲንግ፣ 125 ወደ 150 ሲቀየር]

ቤት ስታደርሱት ስኬሉን (የፊደልና የምስል መጠኑን) ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ አድርጉት። አባታችሁ አማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሩላቸው። ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ክዊክ አሲስት የሚባለውን ፕሮግራም ከመሄዳችሁ በፊት አብራችሁ ሞክሩት። እናንተ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ኮድ ታወጣላችሁ፣ በስልክ ትነግሯቸዋላችሁ፣ እሳቸው ያስገቡታል፤ ከዚያ ስክሪናቸውን እያያችሁ ታስተካክላላችሁ። ሌላ ማንም ደውሎ፣ ከባንክ ነኝ ቢልም ከቴሌ ነኝ ቢልም፣ የሚሰጣቸውን ኮድ እንዳያስገቡ በወረቀት ጽፋችሁ ሞኒተሩ ሥር ለጥፉላቸው።