ጆድፑር፦ ከግንቡ ሥር ያለው ሰው

[ምስል፦ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ቤቶች፣ ከበላያቸው ትልቅ ምሽግ]

ሰላም ወዳጆች። ይህ የመህራንጋር ምሽግ ነው። በህንድ ራጃስታን፣ ከጆድፑር ከተማ 120 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ዓለቱ የት አልቆ ግንቡ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከገንፎ ነው።

በፈረንጆች 1438 ራቶር የሚባለው ጎሣ ገዢ ራኦ ራንማል ቺቶር በሚባል ምሽግ ተገደለ። ልጁ ጆዳ አመለጠ። መናገሻቸው ማንዶርም በጠላት እጅ ገባች። ጆዳ ሊያስመልሳት ቢሞክር ቢሞክር አልሆነለትም። አንድ ቀን፣ አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ርቦት ማንነቱን ደብቆ ገበሬ ቤት ገባ። ትኩስ ገንፎ ቀረበለት። እጁን መሃሉ ላይ ሰደደና ተቃጠለ።

«አንተም እንደ ጆዳ ነህ እንዴ?» አለችው ሴትዮዋ። «እሱም ዳር ዳሩን ትቶ መሃሉን ይላል።»

ገንፎ በልቶ ላደገ ሰው ይሄ ምክር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጆዳ ዙሪያውን ማስገበር ጀመረ። በ1453 ማንዶርን አስመለሰ።

[ምስል፦ ዓለታማው ኮረብታ]

ማንዶር ግን አላስተማመነችውም። በ1459 ከእሷ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይህን ኮረብታ መረጠ። ኮረብታው ላይ ሰው ነበር። ቺሪያ ናትጂ ይባላል፤ የወፎች ጌታ የሚሉት ባሕታዊ ነው። አስነሱት። ሲሄድ «ምሽግህን ውሃ ይጥማው» ብሎ ረገመ። ጆዳ ደነገጠ፤ ቤትና መቅደስ አሠራለት። አገሩ በረሃ ዳር ነውና ድርቅ በመጣ ቁጥር ይህ እርግማን ይነሳል።

ንጉሡን መቅደሱ ብቻ አላረጋጋውም። እርግማኑ እንዲሻር አንድ ሰው ከነሕይወቱ መሠረቱ ውስጥ ተቀበረ። ራጃራም መግዋል ይባላል። መግዋሎች ከታች የተመደቡ፣ ሲገፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጆዳ ቤተሰቡን እንደሚጦር ቃል ገባለት፤ መሬትም ሰጣቸው ይባላል።

በፈቃዱ ነው ይላሉ። እኔ ይህቺን ቃል መቀበል ያቅተኛል። ንጉሥን እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፈቃዱ ምኑ ላይ ነው?

ከተማዋ በጆዳ ስም ተጠራች። ራጃራምም ምሽጉ ውስጥ ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ አለው። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሰገነቶቹ ነው። እናንተ ከሄዳችሁ እሱ ጋ ቆም በሉ።

[ምስል፦ ድንጋዩ፣ በቅርብ]