በምጥ ጊዜ የፅንስ ልብ ለምን ዝግ ይላል? (ደሴ ለተሰበሰቡ አዋላጅ ነርሶች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ከደሴና ከዙሪያዋ ጤና ጣቢያዎች የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ ገጠር በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ደርሳ፣ ከዚያም በአምቡላንስ የመጣችን እናት ሆድ ስናዳምጥ፣ ምጡ በያዛት ቁጥር የፅንሱ ልብ ዝግ ሲል ሰምተን እንደነግጣለን። ያ ዝግ ማለት ግን መጀመሪያ ላይ የልብ መድከም ሳይሆን የፅንሱ ነርቮች ያዘዙት መከላከያ ነው።

ማህፀን ሲኮማተር ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው የእናት ደም ስለሚቀንስ የፅንሱም ኦክስጅን ይወርዳል። በአንገቱ የደም ቧንቧዎች መንታ ላይ ያሉ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ አካላት ይህን በሰከንዶች ውስጥ አውቀው ለአንጎል ግንድ ያስታውቃሉ። ትእዛዙም በሁለት መንገድ ይመለሳል፦ በቬገስ ነርቭ የሚመጣው ልብን ዝግ አድርጎ የምትፈጀውን ኦክስጅን ያስቆጥባታል፤ በሲምፓቴቲክ ነርቮች የሚመጣው ደግሞ የእጅና የእግር፣ የቆዳና የአንጀት ደም ስሮችን ያጠብባል። የልብ ምት ቀንሶ እያለ የደም ግፊቱ የማይወድቀው፣ እንዲያውም ከፍ የሚለው፣ በዚህ መጥበብ ነው፤ ደሙም ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ከኩላሊት በላይ ወዳሉት አድሬናል እጢዎች ያደላል። ቆይቶም እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖች ያግዙታል። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በበግ ፅንሶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከእነዚያ የአንገት አካላት የሚነሡት ነርቮች ሲቆረጡ የልቡ ዝግ ማለትም ሆነ የእግር ደም ስሮች ፈጣን መጥበብ እንደሚቀር አሳይቷል።

ነገር ግን ይህ መከላከያ ስንቅ ይፈልጋል፤ ስንቁም በልብ ጡንቻ የተከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን ነው። ምጡ ሲለቃት ፅንሱ ኦክስጅኑን መልሶ ይሞላል። ፋታ ካጣ ስንቁ ያልቃል፣ ልቡ ደም መግፋት ያቅተዋል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ አንጎልም ይጎዳል። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ይህ ፋታ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የልቡን መቀነስ መዝግቤ፣ መመለሱን ሳልጠብቅ ጆሮዬን ያነሣሁበት አንድ ሌሊት እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ስለዚህ ምጥ የሚያጠነክረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲንን፣ ሰቅለን ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከመጣ፣ ጠብታውን አቁመን እናቲቱን በጎኗ እናስተኛ፤ ሐኪምም እንጥራ። ስናዳምጥም ምጡ ካለፈ በኋላ ጭምር እንቆይ፤ ተረኛ ስትረካከቡ ደግሞ ምቱ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ባለው ውስጥ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ከምጡ በኋላ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜም ጻፉ።