ማን ይፈታሃል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ዛሬ ጉድ ነው፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው የማወራችሁ።

ብዙ ሰው ኢንቦክስ ላይ "ቤተክርስቲያን መሄድ ስትተው ምን ተሰማህ" ይለኛል። ምን መሰላችሁ፣ እምነቱ ሲሄድ ብዙም አልታወቀኝም፣ ያስቸገረኝ ካላንደሩ ነው። እኔ መንዝ ነው ያደኩት፣ የቄስ ልጅ ነኝ፣ ድቁናም ተቀብያለሁ፤ እና እኛ ቤት ዛሬ ምን እንብላ ምን እንስራ ብሎ የሚያስብ የለም፣ ቀኑ ነው የሚናገረው። ሁዳዴ 55 ቀን፣ የነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብማ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር አመቱን ሙሉ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ገብሱ ደርሶ በረዶ እያስፈራራም ቢሆን አባቴ ማጭድ አያስነሳም ነበር። ልቀድስ ስገባ ዝንብ አፌ ገብታ ፆሜን እንዳታስፈታኝ ከንፈሬን ገጥሜ ነበር የምሄደው፣ እውነቴን ነው!

ከዛ ለትምህርት ወጣሁ፣ ቀስ በቀስ ተውኩት። ሌላ ሃይማኖት አልገባሁም፤ ይሄን ደጋግሜ የምለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ "ጴንጤ ሆንክ እንዴ?" ስለሚል ነው፣ ብሆን ይሻላቸው ነበር መሰለኝ፣ ቢያንስ የት እንዳለሁ ያውቁ ነበር። እና ረቡዕ ምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጇ "የፆም ነው የፍስክ?" ስትለኝ ዝም እላለሁ፣ ምክንያቱም ምን እንደምወድ አላውቅም። ሰላሳ ካለፈኝ በኋላ ነው እንቁላል እንደማልወድ ያወኩት፤ ለካ ያኔ ደስ የሚለኝ ፆም መፈታቱ ነው እንጂ እንቁላሉ አይደለም። ሽሮ ግን አሁንም አንደኛ ነው።

እናቴ ስለ እግዚአብሔር ተከራክራኝ አታውቅም። እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ "ማን ይፈታሃል?" እኛ ሀገር ሰው ሲሞት የነፍስ አባቱ ማነው ይባላል፣ ፍትሐቱም ቀብሩም አርባውም በሱ በኩል ነው የሚሄደው። "አንተስ ሞተህ አርፈሃል፣ እኔ ምን ብዬ ልቅሶ ልቀመጥ ልጄ?" አለችኝ። ኦንላይን ላይ ሃይማኖት ስለመተው የሚያወሩ ሰዎች ሞት የግል ጉዳይ ይመስላቸዋል፤ መንዝ ላይ ሞት የጎረቤት ነው። ለማስመሰል ብዬ የነፍስ አባት አልይዝም፣ እሱ ለኔም ለቄሱም ነውር ነው፤ ግን እድሬን እከፍላለሁ፣ ቀብር አልቀርም፣ አስከሬን እሸከማለሁ። ይሄ እናቴን ያሳምናታል ወይ? አያሳምናትም።

አባቴ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚናገረው። እኛ ቤት ለፋሲካ በጉን የማርደው እኔ ነበርኩ፤ በስመ አብ ብሎ የሚያርድ ሰው ነው የሚፈለገው፣ አለዚያ ስጋው አይበላም። ዘንድሮ ቢላዋውን ስሎ ስሎ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠው። ቀና ብሎም አላየኝም፣ እኔም ለምን አላልኩም፣ ልክ ነዋ፣ በሱ ህግ ልክ ነው። እኔ ቆዳውን ገፈፍኩ፣ ለመግፈፍ ማንም ሃይማኖት አይጠይቅም። ከዛ አብረን በላን፣ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ያጎረሰኝ እሱ ነው፣ እኔም አጎረስኩት።

ከእናንተ መሃል እንዲህ አይነት ቤት ያለው ካለ፣ በዓል ላይ እንዴት እንደምታደርጉ ቮይስ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ኤፒሶድ አሰማለሁ። ስም አልጠራም። ቻው።