«አሱም» እና «ፕሪዙም»፦ በእንግሊዝኛ መገመትና መዳፈር

[ምስል፦ የመቅደላ አምባ]

በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት አብረውት ከተጓዙት ጋዜጠኞች አንዱ ለኒው ዮርክ ሄራልድ የሚጽፍ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ስሙ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ይባላል። ያው ጋዜጣ በኋላ ደግሞ ዴቪድ ሊቪንግስተን የሚባል፣ በመካከለኛው አፍሪካ ወሬው የጠፋ የስኮትላንድ ሚስዮናዊ ሐኪም እንዲፈልግ ላከው። በኖቬምበር 1871 እ.ኤ.አ. ዛሬ ታንዛኒያ በምንላት አገር፣ ታንጋኒካ ሐይቅ አጠገብ፣ ኡጂጂ በምትባል ከተማ አገኘው። ስታንሊ እንደጻፈው ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «ዶክተር ሊቪንግስተን፣ አይ ፕሪዙም?» አለው። ዶክተር ሊቪንግስተን ነዎት መሰለኝ ማለቱ ነው።

የስታንሊ የዚያን ዕለት የማስታወሻ ገጾች ተቀድደው ስለተገኙ፣ ይህን በእርግጥ ብሎታል ወይ ብለው የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ቢለውም ባይለውም፣ አባባሉ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል። ለኛ ደግሞ ጥሩ መነሻ ነው፤ ምክንያቱም «ፕሪዙም» ያሉት ሁለት ፊቶች እዚህች አጭር ንግግር ላይ አብረው ይታያሉ።

አንደኛው ግምት ነው። በዚያ አካባቢ ሌላ አውሮፓዊ አልነበረም። ስታንሊ ሰውየውን አይቶት ባያውቅም ለግምቱ በቂ መሠረት ነበረው። ሁለተኛው ድፍረት ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጨዋ ወግ፣ መሐል ሰው ገብቶ ሳያስተዋውቀው የማያውቀውን ሰው በስሙ መጥራት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ስለዚህ «አይ ፕሪዙም» ውስጥ «ይቅርታ፣ ደፈርኩ» የሚልም አለበት።

[ምስል፦ ሦስቱ ቃላት በፊደል፦ አሱም፣ ፕሪዙም፣ ፕሪዛምፕቹየስ]

አንድ ቃል መገመትንም መዳፈርንም እንዴት ቻለ? ሥሩ ላቲን ነው። «ሱሜሬ» መውሰድ ነው። «ፕሬ» አስቀድሞ ማለት ነው። «ፕሪዙም» እንግዲህ አስቀድሞ መውሰድ ነው። ማስረጃው ሳይመጣ እውነት ነው ብለህ ከወሰድክ ገመትክ። ፈቃዱ ሳይሰጥህ ቦታውን ከወሰድክ ደግሞ ተዳፈርክ። ልማዱ ያው ነው፤ የተወሰደው ነገር ብቻ ይለያያል።

«አሱም» የዚሁ ወንድም ነው፤ እሱም መውሰድ ነው፣ ወደ ራስ። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ ሥልጣን መያዝ፣ ኃላፊነት መቀበል፣ የሐሰት ስም መጠቀም ሁሉ በ«አሱም» የሚነገረው። በውጭ አገር ያሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የፍልሰታን በዓል በእንግሊዝኛ «አሳምፕሽን» ብለው ሲያስተዋውቁ፣ እዚያ ያደጉ ልጆች ግራ ይገባቸዋል፤ ትምህርት ቤት የሚያውቁት «አሳምፕሽን» መላምት ነዋ። በዓሉ ግን ድንግል ማርያም ወደ ሰማይ መወሰዷን ነው የሚናገረው፤ የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ያው መወሰድ ነው።

አሁን በየቀኑ ወደሚያጋጥመን እንምጣ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለቱ ቃላት እኩል አይከብዱም። «አሱም» ማስረጃ አይጠይቅም፤ ለጊዜው እንዲህ ነው እንበል ማለትም ይሆናል። የሒሳብ መምህር ኤክስ ሁለት ነው እንበል ሲል የሚጠቀመው እሱን ነው። «ፕሪዙም» ግን የሚያስጠጋ ምክንያት አለኝ ይላል፣ አነጋገሩም ጠንከር ያለና መደበኛ ነው። በኢሜል ላይ ሁለቱም ሊያስቀይሙ ይችላሉ። «አይ አሱም ዩ ሃቭ ሬድ ዘ ሪፖርት» ብላችሁ ለአለቃችሁ ብትጽፉ፣ እናንተ ሪፖርቱን አንብበዋል ብዬ ነው ያላችሁት፤ እሱ ግን «እስካሁን አላነበብክም እንዴ?» የሚል ሊያነብበት ይችላል። «ሃቭ ዩ ሃድ ኤ ቻንስ ቱ ሪድ ኢት?» (ለማንበብ ጊዜ አገኙ?) የሚለው የተሻለ ነው፤ ጥያቄ ስለሆነ ማንንም አስቀድሞ አይፈርድም። «ታንክ ዩ ኢን አድቫንስ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እሺ ሳይባል ማመስገን አንዳንዱን ደስ አይለውም፤ እሺታዬን ቀድመህ ወሰድከው ይላል።

ከሁሉ የሚከብደው «ፕሪዛምፕቹየስ» ነው። እዚህ ላይ ግምቱ ወደ ኋላ ይቀርና ድፍረቱ ብቻ ይቀራል። እኛ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የምንለው ሰው ነው። ያልተሰጠውን መቀራረብ፣ ያልተሰጠውን ማዕረግ፣ ያልተጠየቀውን ምክር ይዞ የሚመጣ። በመዝሙረ ዳዊት የአማርኛው «የድፍረት ኃጢአት» ያለውን የ1611 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ቃል ነው ያስቀመጠው። በካቶሊክ ትምህርት ደግሞ «ፕሪዛምፕሽን» የራሱ ስም ያለው ኃጢአት ነው፤ ንስሐ ሳልገባም እግዚአብሔር ይምረኛል ብሎ መተማመን። ምሕረቱን ሳይሰጥ መውሰድ ማለት ነው።

ጨዋ ተናጋሪ ይህን ቃል በራሱ ላይ ቀድሞ ይጠቀምበታል። «አይ ዉድንት ፕሪዙም ቱ ቴል ዩ» ሲል፣ ልንገርህ ብዬ አልደፍርም ማለቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ ይናገራል፣ ግን ድንበሩን እንዳየ አሳውቋል። ለሌላ ሰው ሲነገር ግን ከባድ ስድብ ነው፤ በተለይ ከላይ ያለ ለታች ያለ ሲናገረው። በአሜሪካ በትርጉም የዚህ ዘመድ የሆነ «አፒቲ» የሚባል ቃል አለ። የደቡብ ነጮች መብቱን የጠየቀ ወይም ቀና ብሎ የሄደ ጥቁር ሰውን ቦታህን እወቅ ለማለት ይጠቀሙበት ነበር። ትርጉሙን መዝገበ ቃላት «ትዕቢተኛ» ይለዋል፤ ታሪኩን ያወቀ ግን ለጥቁር ሰው አይናገረውም። እዚያ የምትኖሩ ከሰማችሁት በቀላሉ አትለፉት።

[ምስል፦ የፍርድ ቤት አዳራሽ]

አሁን ወደ ሕጉ። እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እዚህ ነው፤ ሕግ «ፕሪዙም» ሲል የማስረዳቱ ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በ1934 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሬጂናልድ ዉልሚንግተን የሚባል የ21 ዓመት የእንግሊዝ የእርሻ ሠራተኛ ሚስቱን በጠመንጃ ገደለ። ጥላኝ ሄዳ ስለነበር ራሴን አጠፋለሁ ብዬ ላስፈራራት ስል ባረቀብኝ አለ። ዳኛው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች ሸንጎ ያሉት ግን፣ መግደሉ ከታወቀ ድንገተኛ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው የሚል ነበር። ሞት ተፈረደበት። በ1935 እ.ኤ.አ. ያኔ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ፍርዱን ሻረው፤ በእንግሊዝ የወንጀል ሕግ ሁሉ ውስጥ የሚያልፍ አንድ የወርቅ ክር አለ፣ እሱም ጥፋቱን የማስረዳት ግዴታ የከሳሽ ነው የሚለው ነው ተባለ። ልጁ ከገመድ ተረፈ።

ይህ «ፕሪዛምፕሽን ኦፍ ኢኖሰንስ» የሚሉት ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ይሰጠዋል። የሕግ ሰዎቻችን የዚህ ዓይነቱን «የሕግ ግምት» ይሉታል። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው መባሉም የሕግ ግምት ነው፤ አይደለም ያለ ይከራከራል።

ያው ቃል የቪዛ መስኮት ላይ ሲደርስ ግን ፊቱን ያዞራል። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ)፣ ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በቀር፣ ለጊዜው ለመሄድ ያመለከተ ሰው ሄዶ ለመቅረት ያሰበ ነው ተብሎ «ፕሪዙም» ይደረጋል ይላል፤ እንዳልሆነ ለቆንስላው ሠራተኛ እስኪያስረዳ ድረስ። ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ አመልክተው የተከለከሉ ስንቶች «ሰነዴ ሁሉ ትክክል ነው፣ ምን አጠፋሁ?» እያሉ ይወጣሉ። ምንም አላጠፉም። ሠራተኛው እንደሚቀሩ ማስረዳት የለበትም፤ እንደሚመለሱ ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ ያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በመስታወት በኩል። ለእኔ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ገና ያላደረገውን ነገር እንደማያደርግ ሰው በምን ያስረዳል? ሥራው፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ ትምህርቱን ጨርሶ የሚመለስበት ዕቅድ፤ የሚታየው ይህ ነው። በ214(ቢ) መከልከል ለዘለዓለም መታገድ አይደለም። ውሳኔው ይግባኝ የለውም፤ ሁኔታው የተለወጠ ሰው ግን ክፍያውን ከፍሎ እንደገና ማመልከት ይችላል። ያን ጊዜም ግምቱ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል።