ከመስታወቱ ጠርዝ በላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቁመቴ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ 1 ሜትር ከ93 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ሞተር ሳይክል ላይ ሲቀመጥ ከንፋስ መከላከያው መስታወት በላይ ተርፎ የሚቀረው አካሉ ምን እንደሚደርስበት ነው። በልጅነቴ እናቴ «ሎጋዬ» ትለኝ ነበር፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ «ቀውላላው» ይሉኝ ነበር። ቆሜ ስታይ የእናቴ ቃል ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ ሞተር ላይ ስወጣ ግን ጉልበቴ ወደ መሪው ተጠግቶ፣ ክርኔ ተሰብስቦ፣ አንገቴ ብቻውን ወደ ሰማይ ሲቀር፣ እውነቱ ከሰፈር ልጆች ጋር እንደነበረ እረዳለሁ።

መንዳት የተማርኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በግብርና ባለሙያነት ተመድቤ በሠራሁባቸው ዓመታት ነው። የምነዳው የመስክ ሞተር የንፋስ መከላከያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው፣ ገላው ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ከቤት ስወጣ በሹራቤና በጃኬቴ መካከል አራት ጊዜ የታጠፈ ጋዜጣ ደረቴ ላይ አነጥፍ ነበር። ጋዜጣ ንፋስ አያሳልፍም፤ ወረዳው ሲደረስ ደግሞ ወጥቶ ይነበባል።

የረጅም ሰው ችግር ግን ደረቱ ላይ አልነበረም። ለመካከለኛ ሰው የተሰፋ ጃኬት እጅጌው ቆሜ ሳለሁ እስከ እጄ አንጓ ይደርስልኛል፤ እጄን ወደ መሪው ስዘረጋ ግን ወደ ክርኔ ይሸሽና በጓንቱና በእጅጌው መካከል አራት ጣት የሚያህል ራቁት ቆዳ ይቀራል። ሱሪውም ጉልበቴ ሲታጠፍ ወደ ላይ ይሰበሰብና ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለውን እግሬን ለውርጩ አሳልፎ ይሰጠዋል። ደም ሥሮቹ ከቆዳው ሥር በቅርብ የሚያልፉበት የእጅ አንጓ ሲቀዘቅዝ ጣቶቼም አብረው ይደነዝዙ ስለነበር ፍሪሲዮኑን የምይዘው በጣቴ ሳይሆን በመዳፌ ነበር ማለት ይቻላል። መፍትሔ ያደረግሁት ካረጀ ሹራብ እጅጌውን ቆርጦ እንደ ቱቦ አንጓዬ ላይ ማጥለቅ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጃኬት ለብሼ ከሥሩ የማጠልቀው ያንኑ የተቆረጠ እጅጌ ነው።

እኛ ንፋስን የምንፈራ ሰዎች ነን። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ መስኮቱን ጣት በምታህል ስንጥቅ ቢከፍት ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» የሚል ድምፅ መነሣቱ አይቀርም። እኔም ወደ አሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ከመጣሁና አውሮራ ከተማ ውስጥ ኑሮዬ ትንሽ ከተደላደለ በኋላ፣ ያገለገለ፣ የፊት መስታወት ያለው 650 ሲሲ ሞተር ስገዛ የገዛሁት የተዘጋ መስኮት መስሎኝ ነበር። በሻጩ ሰፈር ውስጥ በዝግታ ስሞክረው ምንም አልነበረበትም። የመጀመሪያ ረጅም ጉዞዬ በ25ኛው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ከዴንቨር እስከ ዋዮሚንጓ ሻየን ሆነ፤ ርቀቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከከተማ ከተወጣ በኋላ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 75 ማይል፣ ማለትም 120 ኪሎ ሜትር ነው። ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አንድ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ሄልሜቴን በሁለት እጁ ይዞ የሚነቀንቀኝ ያህል ይሰማኝ ጀመር፤ የመንገድ ምልክቶቹ ፊደላት ድርብ ሆነው ይታዩኝ ነበር። ሻየን ስደርስ አንገቴ ደርቆ፣ ጆሮዬ ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸት ቀርቶ፣ የግራ ጉልበቴ አልዘረጋም ብሎ ነበር።

በሳምንቱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ሞተሩን በዚያው ጎዳና ላይ ነድቶ ተመለሰና «ምን ሆነህ ነው? ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው የተመቸኝ» አለኝ። ተናድጄበት ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ የጀመረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ንፋስ መስታወት ሲመታ አይጠፋም፤ በጠርዙ ላይ ተወርውሮ ያልፋል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው አየር ግን ቀርፋፋና ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ፈጣኑና ቀርፋፋው አየር በሚዋሰኑበት ወሰን ላይ አየሩ እየተጠቀለለ፣ ድልድይ ምሰሶ ሥር እንደሚሽከረከር የክረምት ወንዝ እያዞረ ይጓዛል። ባልደረባዬ ከዚያ ወሰን በታች ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ግን አገጬ ከወሰኑ በታች፣ ግንባሬ ከወሰኑ በላይ ስለሚውል አዙሪቱ በሙሉ ሄልሜቴ ላይ ይፈነዳል። በሻጩ ሰፈር ውስጥ ያልታወቀኝም የንፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ነው፤ ከ60 ወደ 120 ሲወጣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ኃይሉ ግን አራት እጥፍ። በ120 እየነዳሁ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ቢመጣብኝ፣ ይህም ዋዮሚንግ ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ በአየሩ ውስጥ የማልፈው በ160 ነውና የሚገፋኝ ኃይል ንፋስ ከሌለበት ቀን ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል።

የደብረ ብርሃኑን ንፋስ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት ይኼኔ ነው። ያ ንፋስ ቀዝቃዛ ነበር፣ ነገር ግን ንጹሕ ነበር፤ ፊት ለፊት መጥቶ ደረቴን በእኩል ይገፋኛል እንጂ ጭንቅላቴን አይወዘውዘውም ነበር። ሞተሩ ከ70 ብዙም አያልፍም፤ አየሩም በዚያ ከፍታ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የቸገረኝ የንፋሱ መብዛት ሳይሆን መቆሸሹ መሆኑን ለመረዳት ይህን ሁሉ ውቅያኖስ መሻገር ነበረብኝ።

አንድ እሑድ ማለዳ ንፋስ በሌለበት፣ ቀጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ ላይ ፈተና አደረግሁ። በ100 እየነዳሁ አንገቴን ሰብሬ ቀስ በቀስ ዝቅ ስል፣ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደወረድኩ ጩኸቱ ቀጥ አለና የሞተሩን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ሰማሁት። ቀጥሎ መርገጫው ላይ ቆምኩ፤ ንፋሱ በረታ፣ ግን ወጥ ሆነ፣ ንቅናቄውም ጠፋ። በታች ጸጥታ፣ በላይ ንጹሕ ንፋስ አለ፤ የእኔ ራስ ቋሚ አድራሻው መካከል ላይ ነው። ለማረጋገጥ ከባለቤቴ የሹራብ መሥሪያ ቅርጫት ቀይ የሱፍ ክር ወስጄ፣ ጣት እያከሉ የተቆረጡ ቁራጮችን በሄልሜቱ ዙሪያና በመስታወቱ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩና ባልደረባዬ ከጎኔ በመኪና እየሄደ ቪዲዮ እንዲቀርጸኝ ለመንኩት። በቪዲዮው ላይ በመስታወቱ ጠርዝ ያሉት ክሮች ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል፤ አገጬ ሥር ያሉት ግን ወደ ፊት፣ ወደ መጡበት አቅጣጫ ዞረው እንደ ንብ ይርገበገባሉ። ያን ባየሁ ጊዜ የአንገቴ ሕመም ቅርጽ ያገኘ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስህተቴን መናገር አለብኝ። በጣም ያመመኝ ጉልበቴ ስለነበር ክሩን ከመለጠፌ በፊት የመኪና ወንበር ልብስ ወደሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ በኮርቻው ላይ ስፖንጅ አስጨምሬ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አስነሥቼው ነበር። ጉልበቴ ተመስገን አለ፤ ጭንቅላቴ ግን በዚያው 4 ሴንቲ ሜትር ወደ አዙሪቱ እምብርት ወጣ፣ ቀድሞ ግንባሬን ይመታ የነበረውም አሁን በአገጬ ሥር እየገባ ሄልሜቱን ከውስጥ ያስጮኸው ጀመር። የረጅም ሰው ሞተር ነገር እንዲህ ነው፤ እግሩን ስታስደስት አንገቱ ክስ ይመሠርታል።

ከዚያ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ከመጀመሪያው 15 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ መስታወት ገዛሁ። ጸጥታው ደስ ይል ነበር፤ ነገር ግን የመስታወቱ ጠርዝ በትክክል በዓይኔ ደረጃ ላይ ዋለ፤ ማታ በዝናብ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት በእያንዳንዱ ጠብታ ላይ ይበተናል፤ ከጀርባ ያለው ባዶ አየርም ወደ ውስጥ ስለሚሳብ ከኋላዬ የሆነ ሰው ትከሻዬን ወደ መሪው የሚገፋኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። ትልቅ የጭነት መኪና ሳልፍ ደግሞ መስታወቱ እንደ ሸራ ሆኖ ሞተሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። በገዛሁበት ዋጋ ግማሽ ሸጥኩት።

የቀረኝ መንገድ ባሕሌ ሁሉ የሚቃወመው ነበር፤ መስኮቱን መክፈት። መጀመሪያ የድሮውን መስታወት መልሼ፣ በላይኞቹ ሁለት ቡሎኖች ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ሁለት ሁለት ሮንዴላ (መሐሉ የተበሳ ክብ ብረት) ደርቤ ጋደል እንዲል አደረግሁት፤ በታችኛው ጠርዝና በመብራቱ መካከልም ጣት የምታሳልፍ ክፍተት ተውኩ። በዚያች ክፍተት የሚገባው አየር ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን የግፊት ጉድለት ስለሚሞላ ንቅናቄው ወዲያው ለዘብ አለ። ሁለት ብር የማያወጣ ሮንዴላ ከዚያ ሁሉ ፕላስቲክ በለጠ። ቀጥዬ መስታወቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ፣ በእርሳስ አስምሬ፣ ጥርሱ በደቀቀ መጋዝ ከላይ 9 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩና ጠርዙን ሞርጄ አለሰለስኩት። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ እያየችኝ «ብርድ የሚከላከልልህን ነገር ነው የምትቆርጠው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አሁን አዙሪቱ የሚያርፈው ትከሻዬ ላይ ነው፣ ትከሻ ደግሞ አይደነዝዝም፣ አያነብም፣ አይሰማም። ራሴ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ንፋስ ውስጥ ነው። ከሄልሜቴ ፊት የወጣውን የፀሐይ መከለያም ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ለአቧራ መንገድ የተሠራ ነገር በ120 ላይ አንገት ከመጎተት ሌላ ጥቅም የለውም።

የንጹሕ ንፋስ ዋጋው ድምፅ ነው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ በድምፅ መለኪያው ከ90 ዴሲቤል በላይ ይወጣል። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉም ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ሳንቲም የምታወጣ የስፖንጅ ጆሮ መወተፊያ ሳላደርግ ከግቢ አልወጣም።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ጉዳይ ፋብሪካዎቹም ዘግይተው ነው የተማሩት። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተባለውን ትልቅ የጉዞ ሞተሩን በ1975 ሲያወጣ ዛሬ የምናውቀው ንፋስ የሚከላከል ትልቅ የፊት ሽፋን አልነበረውም፤ ገዢዎቹ ራሳቸው እየገዙ ይገጥሙለት ነበር። ቢኤምደብሊው በ1976 ያወጣው አር 100 አርኤስ የተባለ ሞተር ደግሞ ሽፋኑ በጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የንፋስ ዋሻ፣ ማለትም ንፋስ እየተነፋ ቅርጽ በሚፈተንበት ክፍል ውስጥ እየተፈተነ የተቀረጸ ነው። የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም የትኛውም ዋሻ ቢሆን የሚያውቀው ውስጡ የተቀመጠውን ሰው ቁመት ብቻ ነው። ስለዚህ ረጅም ሆናችሁ ሞተር ልትገዙ ከሆነ ሻጩን በ100 እንዲያስነዳችሁ ለምኑት፤ በሰፈር ፍጥነት መስታወት ሁሉ ጥሩ ነው።

አሁን የቀረኝ ያ የግራ ጉልበት ነው። ኮርቻውን ከዚህ በላይ ላስነሣው አልችልም፤ ስለዚህ የእግር መርገጫውን 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርጉ ሁለት ብረቶች አዝዤ መጥተዋል። ጉዳታቸው መርገጫው ወደ አስፋልቱ ስለሚጠጋ ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ሲጋደል ቀድሞ መሬት መንካቱ ነው፤ የሻየን መንገድ ቀጥ ያለ ነው፣ የእኔ ቅዳሜዎች ግን ተራራ ላይ ናቸው። ብረቶቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ባለቤቴን አማረዋታል። ነገ የግራውን ብቻ አስሬ ልሞክረው ነው፤ የቀኙ ጉልበቴ እስካሁን ቅሬታ አላቀረበም።